«ዋናው ግቢ እውቅና አለው» ለልጅዎ ምን ያህል ያገለግላል? ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲና ስለ ካምፓሶቹ ከለገጣፎ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች፤ ፍላጎቷ ነርሲንግ ነው። የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም ያለው አንድ የግል ተቋም ከቤታችን በእግር የሚደረስ አዲስ ካምፓስ ከፍቶ እየመዘገበ ነው። ፈቃዱን ስጠይቅ ‹ዋናው ግቢ አዲስ አበባ ውስጥ እውቅና አለው፣ ለቅርንጫፉም ያገለግላል፤ ዲግሪያችን ደግሞ በቫቲካን ጭምር የታወቀ ነው› አሉኝ። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፤ በዚህ በኩልም ትንሽ ይከነክነኛል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ‹ናይሮቢ ያለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ይሻላል› ይላል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ የዋናው ግቢ እውቅና ለቅርንጫፉ አያገለግልም። የቫቲካን እውቅናም የነርሲንግ ዲግሪን አይመለከትም። «ዋናው ግቢ እውቅና አለው» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ልጅዎ የምትማረው ለገጣፎ ከሆነ ብቻውን ምንም አያደርግላትም።

በኢትዮጵያ አንድ የግል ተቋም በጅምላ እውቅና አያገኝም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ የትምህርት መስክ፣ በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ካምፓስ፣ በአንድ የአሰጣጥ ዓይነት ነው። ነርሲንግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ እገሌ ካምፓስ፣ መደበኛ ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል። ያው ተቋም በዚያው ግቢ በአካውንቲንግ ቢፈቀድለት በነርሲንግ ተፈቀደለት ማለት አይደለም፤ በመደበኛ ቢፈቀድለት በኤክስቴንሽን ተፈቀደለት ማለት አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ገምጋሚዎቹ የሚያዩት መምህራኑን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የተግባር ክፍሉን፣ ወንበሩንና መጸዳጃ ቤቱን ነው። እነዚህ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቦታ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ስሙ ስለተለጠፈ ብቻ ከመሀል ከተማ ወደ ለገጣፎ አይሻገሩም። ይህ አሠራር የቆየ ነው። ባለሥልጣኑ «የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ» ይባል በነበረበት ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከወጣ በኋላም አልተለወጠም።

ስለዚህ ሬጅስትራር ቢሮ ሲሄዱ «እውቅና አላችሁ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አለን» ነው፤ የሚመልስልዎት ሰውም ዋሽቶዎት ላይሆን ይችላል። የሚሉት እንዲህ ነው፦ «የነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የዚህ ካምፓስ፣ የመደበኛ ፕሮግራም እውቅና ፈቃድ ደብዳቤ ያሳዩኝ።» ደብዳቤው ግድግዳ ላይ በፍሬም ከተሰቀለም ጠጋ ብለው ያንብቡት። በመጀመሪያ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይዩ። ቀጥሎ የካምፓሱን ስምና አድራሻ፤ ክፍለ ከተማውና ወረዳው አሁን ከቆሙበት ቦታ ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ የመስኩን ስም ከነደረጃው፣ በመጨረሻም ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን። ጊዜው ካለፈ የእድሳት ደብዳቤውን ይጠይቁ። የቅበላ ጣሪያ ተጽፎበት ከሆነም ስንት ተማሪ እንደመዘገቡ መጠየቅ መብትዎ ነው። ደብዳቤውን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ቁጥሩን ራሱ ባለሥልጣኑ ዘንድ ያረጋግጡ። ፎቶ ማንሳት ከከለከሉዎት መልስዎን አግኝተዋል።

«በሂደት ላይ ነው» የሚለው መልስ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ብዙ ወላጅ የሚያዘው በዚህ ነውና። ማመልከቻ አስገብቶ መጠበቅ ሕገ ወጥ አይደለም። ሕገ ወጥ የሚሆነው ፈቃድ ሳይገኝ ተማሪ መመዝገብና ማስተማር ነው። «ፈቃዱ እስኪመጣ የፍሬሽማን ኮርስ ይጀምሩ፣ እሱ ለሁሉም አንድ ነው» የሚል ማባበያም አለ። የፍሬሽማን ኮርሶች፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የመሳሰሉት፣ በእርግጥ በአገር አቀፍ ደረጃ ተመሳሳይ ናቸው። ነገር ግን ፈቃድ በሌለው ካምፓስ የተወሰደ ኮርስ ሌላ ቦታ እንዲያዝላት ስትጠይቅ የሚቀበላት ላታገኝ ትችላለች። አንድ ዓመትና የአንድ ዓመት ክፍያ በዚያው ይቀራል።

ሌላው የተለመደ አካሄድ ለማየት የሚከብድ ነው። ተማሪዋ በወረቀት የዋናው ግቢ ተማሪ ትሆናለች፤ መታወቂያዋም ትራንስክሪፕቷም ዋናውን ግቢ ይላል፤ የምትማረው ግን ለገጣፎ ነው። ይህ ለሁለት ለሦስት ዓመት ምንም ሳይታወቅ ሊሄድ ይችላል። ድንገተኛ ክትትል የመጣ ቀን ቅርንጫፉ ይታሸጋል፣ ተማሪዎቹ ወደ ዋናው ግቢ ይላካሉ፤ በአንድ መማሪያ ክፍል የሁለት ክፍል ተማሪ ይጨናነቃል፣ ልጅዎም «በእግር የሚደረስ» ብላ የጀመረችውን ትምህርት በየጠዋቱ በካራ በኩል መገናኛ ወርዳ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዛ ትጨርሰዋለች። ይህ እንግዲህ የተሻለው ዕጣ ነው። የከፋው ዋናው ግቢ ለተላኩት ቦታ የለኝም ሲል ነው።

በከተማዋ ዳርቻ ደግሞ የአስተዳደር ወሰን የሚፈጥረው ተጨማሪ ችግር አለ። ለገጣፎ ለገዳዲ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ነው፤ ማለትም ኦሮሚያ ውስጥ ነው። የዲግሪ ፈቃድ ፌዴራል ስለሆነ ወሰኑ አያግደውም። የቴክኒክና ሙያ ደረጃዎች፣ ማለትም ደረጃ 4 ነርሲንግን የመሰሉት፣ ፈቃዳቸው የሚወጣው ግን ከክልል ወይም ከከተማ አስተዳደር ነው። ከዚህ የተነሳ ሁለት ዓይነት መደናገር ይመጣል። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተሰጠ የደረጃ ፈቃድ ካራን አልፎ ለገጣፎ ላይ አይሠራም። ሁለተኛው ይብሳል፦ ካምፓሱ በእጁ ያለው የደረጃ 4 ፈቃድ ሆኖ ምዝገባውን «ነርሲንግ» ብሎ ብቻ ያስተዋውቃል። ወላጅ ዲግሪ መስሎት ይከፍላል። 12ኛን ያለፈች ልጅ ደረጃ 4 ልትማር አያስፈልጋትም። ደረሰኙ ላይም ሆነ የቅበላ ደብዳቤው ላይ «የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚለው ቃል በግልጽ መኖሩን ያረጋግጡ።

ፈቃድ የሌለበት ትምህርት መጨረሻው የሚታየው በአራተኛው ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ተማሪ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል ተቋም ተማሪ፣ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ሳያልፍ ዲግሪ አይሰጠውም። ለፈተናው የሚቀርበው ተቋሙ በተፈቀደለት መስክ መዝግቦ ስሙን ለባለሥልጣኑ ያሳወቀው ተማሪ ነው። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ነጥቧ 4.00 ቢሆንም አትፈተንም። ሕጋዊ ሆነው የተፈተኑትም ቢሆኑ በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት አብዛኛዎቹ አላለፉም። ስለዚህ ተቋሙ ባለፉት ዙሮች በነርሲንግ ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳለፉለት ይጠይቁ፤ የጠቅላላውን ሳይሆን የነርሲንጉን። ፈተናው በኮምፒዩተር ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተር ክፍሉ ለተማሪ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነና መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ያንን ክፍል ይይዝ እንደሆነ ማየትም ተራ ነገር አይደለም። በዳርቻ ካምፓሶች ጀነሬተሩ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ቢሮውን ነው።

ወደ ቫቲካን እንምጣ። ይህን የሚሉ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አቀላቅለው ነው። ቅድስት መንበር (ቫቲካን) በራሷ ሥልጣን ዲግሪ የምታሰጥባቸው «ቤተ ክርስቲያናዊ» የሚባሉ ፋኩልቲዎች አሉ፤ ነገረ መለኮት፣ ቀኖና ሕግ (የቤተ ክርስቲያኗን ሕግ)፣ የቤተ ክርስቲያን ፍልስፍና ያስተምራሉ። የሚመሩትም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በፈረሙት «ቬሪታቲስ ጋውዲየም» በተባለው ሐዋርያዊ ሕግ ነው። ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ግን ነርሲንጉንም፣ ምሕንድስናውንም፣ ሒሳብ አያያዙንም የሚያስተምር እንደማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መመሪያው ሌላ ነው፤ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1990 ያወጡት «ኤክስ ኮርዴ ኤክሌሲዬ»። ይህ ሰነድ የተቋሙን ካቶሊካዊነት ይደነግጋል እንጂ ለነርስ ዲግሪ አይሰጥም። የነርስ ዲግሪ የሚጸናው በአገሩ መንግሥት ሕግ ነው።

ይህ በድሃ አገር ብቻ ያለ ጣጣ እንዳይመስልዎ። ሚላኖ ያለው የቅዱስ ልብ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1921 በአባ አጎስቲኖ ጄሜሊ መሪነት በጳጳሱ ቡራኬ ተከፈተ፤ የኢጣልያ መንግሥት ያወቀው ግን በ1924 ነው። ከቫቲካን በባቡር በሚደረስ ከተማ እንኳ የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ የመንግሥትን አልተካም። ያው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በሚላኖ፣ በብሬሻ፣ በፒያቼንሳ፣ በክሬሞናና በሮም ካምፓሶች አሉት፤ የሕክምና ፋኩልቲው ያለው ግን ጄሜሊ ሆስፒታል ባለበት በሮም ነው። ዋናው ግቢ ሚላኖ ስለሆነ ብቻ የሕክምና ትምህርቱን በሚላኖው ግቢ አላደረጉም፤ ሆስፒታሉ ካለበት አኖሩት። ለገጣፎ ስላለው ካምፓስዎ ሲያስቡ ይህን ያስታውሱት፤ ከታች እመለስበታለሁ።

«ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስምም ቢሆን ዝም ብሎ የሚለጠፍ አይደለም። የቀኖና ሕግ ቁጥር 808 እንደሚለው ማንም ዩኒቨርሲቲ ሥልጣን ያለው የቤተ ክርስቲያን አካል ሳይፈቅድ ይህን ስም ሊይዝ አይችልም። እዚህ አገር ያ አካል ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፦ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ናቸው። መነኮሳት ስላስተማሩበት ወይም ቅጥሩ ውስጥ ጸሎት ቤት ስላለ አንድ ተቋም ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አይሆንም። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል) ሉሲየን ማት ነበሩ፤ ተቋሙ ግን የመንግሥት ነበር። በተቃራኒው አስመራ ላይ የኮምቦኒ እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1958 የመሠረቱት የቅድስት ቤተሰብ ተቋም ካቶሊካዊ ሆኖ ጀምሮ ኋላ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስለዚህ የእርስዎ ተቋም ባለቤት ማን ነው? ሀገረ ስብከት ነው? ገዳማዊ ማኅበር ነው? ወይስ ስሙን የወደደ ነጋዴ? የካቶሊክ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ አንድ ከሰዓት ይፈጃል። ባለቤቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለሃይማኖቱ ብቻ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተቋም ብዙ ጊዜ የራሱ ይዞታ ላይ ነው የሚሠራው፤ በኪራይ ፎቅ ላይ ያለ ካምፓስ ግን ውሉ ሲያልቅ ወይም ሕንፃው በልማት ሲነካ አድራሻ ይቀይራል፤ አድራሻ ሲቀየር ደግሞ ከላይ ያነበቡት ደብዳቤ እንደገና ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የኪራይ ውሉ ልጅዎ ከምትመረቅበት ዓመት ቀድሞ የሚያልቅ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም።

ስለ ሃይማኖቱ ያለዎት ስጋት ከሁሉም ትንሹ ነው። «ኤክስ ኮርዴ ኤክሌሲዬ» ራሱ የካቶሊክ ትምህርት በተቋሙ ሥራ ላይ ተጽዕኖ እንዲኖረው ሲያዝ የእያንዳንዱ ሰው የሕሊና ነጻነት ሙሉ በሙሉ እንዲከበር በዚያው ዓረፍተ ነገር ይደነግጋል። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ደግሞ ማንንም በሃይማኖት ጉዳይ ማስገደድ ይከለክላል። በተግባር የሚያጋጥማት የሥነ ምግባርና የፍልስፍና ኮርስ፣ ምናልባትም አንድ የሃይማኖት ጥናት ኮርስ ነው፤ ለፈተና የሚጠና ትምህርት እንጂ ቆርቦ የሚመጣ ግዴታ አይደለም። ቅዳሴ ላይ መገኘት ለካቶሊክ ያልሆነ ተማሪ በጽሑፍ ግዴታ ሆኖ ካገኙት ግን አይፈርሙ። ከኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ከፊሎቹ በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ስለሆኑ ልጅዎ የምታየው ነገር ያን ያህል እንግዳ ላይሆንባት ይችላል፤ የገናን በዓልም ታኅሣሥ 29 የሚያከብሩ ናቸው። ይልቅ መጠየቅ ያለበት የጾም ቀን ካፌው ምን ያቀርባል፣ የጥምቀትና የፋሲካ ሰሞን ፈተና ይመደባል ወይ የሚለው ነው።

ሃይማኖቱ ከትምህርቱ ጋር በእውነት የሚነካካበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ነርሲንግ ነው፤ ማንም ግን አያነሳውም። በካቶሊክ የጤና ተቋም ውስጥ ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያ አይሰጥም፤ ጽንስ አይቋረጥም። አገር አቀፉ የነርሲንግ ሥርዓተ ትምህርት ግን የቤተሰብ ምጣኔን ያስተምራል፤ ከመውጫ ፈተናው በኋላ ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ምዘናም ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ይጠይቃል። ስለዚህ ተማሪዋ ተግባራዊ ልምምዷን ሁሉ በካቶሊክ ሆስፒታልና ክሊኒክ ከጨረሰች አንድ ክፍል ይጎድላታል፤ ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ በመጽሐፍ ብቻ አውቃ ጤና ጣቢያ ትመደባለች። በደንብ የተደራጀ የካቶሊክ ተቋም ይህን ያውቃል፤ ለዚያ ክፍል ተማሪዎቹን ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ይልካል። ጥያቄው፦ «የቤተሰብ ምጣኔ ልምምድ የት ነው የሚያደርጉት?» ነው። የሚያቅማማ መልስ ከመጣ ጉዳዩ አልታሰበበትም።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸው ነው። ነርሲንግ ሕንፃ ሳይሆን ሆስፒታል የሚፈልግ ትምህርት ነው። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ወሊሶ ላይ የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታልና የነርሲንግና ሚድዋይፈሪ ኮሌጅ በአንድ ላይ ያላት ለዚህ ነው፤ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ዋርድ ይገባል። አዲስ የተከፈተ የዳርቻ ካምፓስ አጠገቡ ሆስፒታል ከሌለው ተማሪዎቹን የሚልክበት ቦታ በስምምነት መያዝ አለበት። ከየትኛው ሆስፒታል ጋር የመግባቢያ ሰነድ እንደተፈራረሙ፣ ሰነዱ እስከ መቼ እንደሚጸና፣ በአንድ ዋርድ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ እንደሚገባና አብሯቸው የሚቆም የተቋሙ አስተማሪ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ። በመሀል ከተማ ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የብዙ ተቋማትን ተማሪ ስለሚያስተናግዱ አንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ነጭ ጋዋን ተኮልኩሎ ማየት የተለመደ ነው፤ እዚያ መሀል የቆመች ልጅ ሎግ ቡኳ (የልምምድ መዝገቧ) ላይ ፊርማ ታገኛለች፣ እጇ ግን ምንም አይሠራም። የተግባር ክፍሉንም (ስኪል ላብ የሚሉትን) ገብተው ይዩት። ማኔኪኖቹ (የሰው ቅርጽ ያላቸው መለማመጃዎች) በላስቲክ እንደታሸጉ ከሆኑ አልተነኩም ማለት ነው። አልጋ፣ ውሃ ያለው መታጠቢያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የመርፌ መጣያ ሳጥን መኖሩን ይመልከቱ፤ ቧንቧውን ከፍተው ይሞክሩት። የእጅ መታጠብ የማይታይበት ስኪል ላብ ምን እንደሚያስተምር እንጃ።

ስለ ናይሮቢ የሚሉዎት የምሥራቅ አፍሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲን ነው። ተቋሙ በቁም ነገር የሚታይ ነው። የመሠረቱት የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት በአመሲያ ማኅበራቸው በኩል ነው፤ ኢትዮጵያም የዚህ ማኅበር አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ1984 በከፍተኛ የነገረ መለኮት ትምህርት ጀመረ፤ በ1985 ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ናይሮቢ መጥተው መረቁት፤ ከኬንያ መንግሥት ቻርተር (የዩኒቨርሲቲነት እውቅና) ያገኘው ግን በ1992 ነው። እዚያም ሁለቱ እውቅናዎች ለየብቻቸው መምጣታቸውን ልብ ይሏል። ዋናው ግቢ ላንጋታ ነው፤ ሌላው ጋባ የሚባለው ኤልዶሬት ነው፤ ስሙ የኡጋንዳ ነው፣ ምክንያቱም የጳጳሳቱ የሐዋርያዊ አገልግሎት ማሠልጠኛ መጀመሪያ ካምፓላ አጠገብ ጋባ ላይ ነበር፤ በ1970ዎቹ ነው ወደ ኤልዶሬት የዞረው። ከካምፓሶቹ ሌላ በሥሩ የሚሠሩ፣ ግን የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው ኮሌጆች አሉ፤ የኢየሱሳውያኑ ሄኪማ አንዱ ነው፤ ታንጋዛም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበረ፣ በኋላ ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። «የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ናይሮቢ» ያለ ሰው ከእነዚህ የትኛውን እንዳለ ሳይጠይቁ ምንም አይክፈሉ፤ ክፍያውም፣ ትምህርቱም፣ የሚኖሩበትም ሰፈር ይለያያል።

ሆኖም ለመጀመሪያ ዲግሪ፣ ያውም ለነርሲንግ፣ ናይሮቢን አልመክርም። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ ባትጠይቅም ለመማር ከኢሚግሬሽን የተማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የ12ኛ ክፍል ውጤቷም በኬንያ መለኪያ እንዲተመን ይደረጋል። ክፍያውን ለመላክ የቅበላ ደብዳቤና ኢንቮይስ ይዘው በየሴሚስተሩ ባንክ መመላለስ አለብዎት፤ የምንዛሪው ዋጋ ሲወጣ ክፍያው በብር አብሮ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ሠልጥና ስትመለስ የአቻ ግምት ማሠራት (የውጭ ዲግሪዋ ከአገር ቤቱ ጋር እኩል መሆኑን ማስመስከር) አለባት፤ እዚያ ደግሞ ሰንሰለቱ ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጀምሮ ይታያል፣ ዲግሪና ትራንስክሪፕቱ በውጭ ጉዳይ መረጋገጥ አለበት፣ ፓስፖርቱም እዚያ መኖሯን ማሳየት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው የጤና ሙያ ፈቃዱ። ልምምዷን ያደረገችውም በኬንያ መመሪያና በኬንያ የሕክምና አሠራር ይሆናል። ናይሮቢ ለማስተርስ፣ በተለይ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ በትምህርትና በነገረ መለኮት፣ ጥሩ ቦታ ነው፤ ያኔ ልጅዎ ራሷ ትወስናለች።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አዲሱ ካምፓስ የራሱን የነርሲንግ ዲግሪ ደብዳቤ ካላሳየ ዘንድሮ አይመዝግቧት፤ ቅርበቱ ምንም ያህል ቢያጓጓ። ዋናው ግቢ በነርሲንግ ጊዜው ያላለፈ ፈቃድ ካለው፣ የሆስፒታል ስምምነቱም በእጁ ከሆነ፣ የታክሲውን ድካም ችለው እዚያ ያስመዝግቧት፤ የቅበላ ደብዳቤው ላይ የምትማርበት ካምፓስ ስም እንዲጻፍ ያድርጉ፣ በኋላ «ለገጣፎ ሂጂ» እንዳትባል። ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። 12ኛን አልፋለች ካሉኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ይጠብቃታል። ምደባው ሳይወጣ የግሉን ሙሉ ክፍያ አይክፈሉ። ጤና የመማር ዕድል ካገኘች የግሉን ጉዳይ ይተዉት፤ ክፍለ ሀገር ቢሆንም የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለበት ነው፣ ከለገጣፎው ሕንፃ ይሻላታል።

መክፈል ካለብዎት የመመዝገቢያውን ብቻ ይክፈሉ፣ በተቋሙ የባንክ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስም አይሁን። ክፍያው በክሬዲት ሃወር ነው በሴሚስተር? የአራቱ ዓመት ጠቅላላ ክሬዲት ስንት ነው? በየዓመቱ የሚጨምረው እስከ ስንት ድረስ ነው? የልምምድ ትራንስፖርትና የጋዋን ወጪ ማን ይችላል? ይህን በጽሑፍ ይያዙ። ውሉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ይጠይቁ፦ የካምፓሱ የነርሲንግ ፈቃድ ቢሰረዝ፣ ባይታደስ ወይም ካምፓሱ ቢዘጋ የተከፈለው ገንዘብ ይመለሳል፣ ሰነዷም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ገንዘብ በክስም ይገኛል፣ የታገተ ትራንስክሪፕት ግን ልጅቷን የትም እንዳትዛወር አስሮ ያስቀምጣታል። ይህን መፈረም እምቢ ካሉ የ12ኛ ክፍል ዋናውን ሰርተፍኬት እጃቸው ላይ አይተዉ፤ አሳይተው ኮፒውን ሰጥተው ይመለሱ።